ሳጅን ሃስኬት ያልገባው ቃል

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ደከመኝ። ባሱ ዛሬም አስጠበቀኝ። ስደርስ የምሠራላቸው ሚስ ሃስኬት መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ዓመት አልፎታል… ግን የባሱን ድምፅ ለይተው ያውቁታል።

"ዘገየሽ" አሉኝ።

"ባሱ ነው።"

"ሁልጊዜ ባሱ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሂተሩን ለኮስኩ፣ ሾርባ አሞቅሁ፣ ፀጉራቸውን አበጠርኩ፣ ደረጃውን ጠረግሁ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አላገቡም፣ አልወለዱም። ከእኔ ሌላ ደጃፋቸውን የሚረግጠው ፖስተኛው ብቻ ነው። እኔስ ብሆን? ሠላሳ ዘጠኝ ሞላኝ። በስድሳ ስድስት ለአንድ ዓመት የጽሕፈት ኮርስ ብዬ እንግሊዝ አገር መጣሁ፤ አገሩ ተገለበጠ፤ ይኸው አምስተኛ ዓመቴን ያዝኩ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። አባታቸው ወታደር ነበሩ፣ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለሙ። ሜዳዩንና ወረቀቱን ለአባታቸው የጦር ክፍል ሙዚየም ሊሰጡ አስበዋል። ከመስጠታቸው በፊት ግን አባታቸው የጻፏቸውን የማስታወሻ ደብተሮች ከዳር እስከ ዳር መስማት ይፈልጋሉ። እስከ ዛሬ አላነበቧቸውም። "አባቴ በሕይወት እያለ ቆልፎባቸው ነበር። ከሞተ በኋላ ደግሞ ነገ ዛሬ ስል ዓይኔ ጠፋ።"

በቀን አንድ ሰዓት አንብቢልኝ ነው ነገሩ። እሺ አልኩ። ደረጃ ከመጥረግ ይሻላል።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ሦስት ደብተር ነው። ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ጽሑፉ ጠማማ፣ ግድፈቱ ብዙ።

ኤድዊን ሃስኬት። የጫማ ሰፊ ልጅ። አሥራ አንድ ተወልደው ስድስቱ ሞተዋል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ "አሥራ ስምንት ሞልቶኛል" ብሎ ዋሽቶ ወታደር ቤት ገባ። ለምን? ራሱ ጽፎታል… "በየቀኑ ሥጋ አለ አሉኝ።" በቃ። ንግሥትም የለች፣ ባንዲራም የለም።

ሚስ ሃስኬት ሳቁ። "እስኪሞት ድረስ ሳህኑ ላይ ሥጋ አስተርፎ አያውቅም" አሉ።

ማንበብና መጻፍ የተማረው እዚያው ወታደር ቤት ነው። ደብተሩን የጀመረውም ትምህርቱ እንዳይጠፋበት ነው። እዚህ "እሱ" እያልኩ እጽፈዋለሁ። ሲጽፍ ልጅ ነው። አባቴን ሳይሆን ጋሻውን ነው የሚያስታውሰኝ።

ጋሻው… ታናሽ ወንድሜ። አሁን መቶ አለቃ ሆኗል። አምና ኦጋዴን ላይ ከሚነድ ታንክ ውስጥ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣ ተብሎ ሜዳይ ተሸለመ። እናቴ ከጋዜጣ ላይ የተቆረጠውን ፎቶ ልካልኝ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ

ሕንድ አገር አምስት ዓመት። ሙቀት፣ ዝንብ፣ ኮሌራ… ጓደኛው ጠዋት አብሮት ሻይ ጠጥቶ ማታ ተቀበረ። ከዚያ እንደገና ሰልፍ። ሲደክመው "ደከመኝ" ብሎ ይጽፍና የቀረውን ገጽ ባዶ ይተወዋል። ወደድኩት መሰለኝ።

ለኣድሓነት ነገርኳት። ፊንስበሪ ፓርክ አንድ ክፍል አብረን ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው። አሥመራ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ምግብ ታሽጋለች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ሰማችኝ።

"አሁን ደግሞ ለሞተ እንግሊዝ ማዘን ጀመርሽ?" አለችኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ደብተር። ከሕንድ በመርከብ ተጭኖ ዙላ ወረደ። ወደ መቅደላ ሊሄዱ ነው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ፈረንጆች ሊያስፈቱ። እኔስ ከማን ጋር ሊዋጋ ነው ብዬ ነበር… ከእኛ ጋር ነው።

ድምፄ ተለወጠ መሰለኝ።

"ምን ሆንሽ?"

"ደሴ ነው ያደግሁት። መቅደላ ሩቅ አይደለም።"

"የሰፈሩ ቄስ 'ከኢትዮጵያ የመጣች ሠራተኛ አለች' ሲለኝ እኮ ነው ደብተሮቹ ትዝ ያሉኝ" አሉ። ለካ አስበውበት ነው። ተቀየምኩ? አላውቅም። ለመቀየምም ጉልበት ይጠይቃል።

ሦስት ወር በተራራ ላይ ተጓዘ። በቅሎ እየገፋ፣ ገደል እየቧጠጠ። "እንዲህ ያለ አገር ላይ ሰው ለምን ይዋጋል፣ መውጣቱ ብቻ ይበቃል" ይላል። የማውቃቸውን ገደሎች በእሱ ድምፅ ሳነብ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ

ስገባ ኣድሓነት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የአጎቷ ልጅ ከካርቱም ጽፎላታል። ኅዳር ውስጥ የመንግሥት ወታደሮች የአባቷ መንደር ገቡ። ቤቶቹን አቃጠሉ። የሮጠ ሮጠ። አባቷ ጉልበቱን ያመዋል… አልሮጠም። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

የመንደሩን ስም ዛሬ ነው የሰማሁት። እዚህ አልጽፈውም።

አቅፌያት አለቀስን። የጋሻው ፎቶ ከግድግዳው ላይ ያየናል። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። እኔም አላወረድኩትም።

ታኅሣሥ 16፣ ሰኞ

የፈረንጅ ገና። ኣድሓነት ሥራ ገባች። "ቤት ቁጭ ብዬ ምን ላደርግ?" አለች። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 26፣ ሐሙስ

ክሮይደን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ተሰልፌ ዋልኩ። የመኖሪያ ፈቃዴን ስድስት ወር ጨመሩልኝ። ከዚያስ?

ጥር 3፣ ሐሙስ

የእናቴ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ተለጥፏል፣ እንደ ሁልጊዜው። ጎረቤታችን ጋሽ ዳኛቸው ነው የሚጽፍላት።

"ጋሻው ደኅና ነው። ኅዳር ላይ ጽፎልኝ ነበር፤ ያረፉበትን አገር ሰምቼው አላውቅም፣ አንቺ ካርታ ላይ ፈልጊልኝ…" ከዚያ ስሙ። ሳንሱሩ እንዴት አሳለፈው? ትንሽ መንደር ስለሆነ ይሆናል። ማን ያውቀዋል?

እኔ አውቀዋለሁ። ኣድሓነት ነግራኛለች።

ሦስቴ አነበብኩት። አንድ ፊደል ይለያይ እንደሆነ ብዬ… አይለያይም።

እዚያ ነበረ ማለት አደረገው ማለት ነው? ዘግይቶ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ዘብ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከልክሎም ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውን ሻንጣዬ ታች ከትቼ ቆለፍኩ።

ጥር 14፣ ሰኞ

ከተማው አድማ ላይ ነው። ባስ የለም፣ ባቡር የለም። በበረዶ በእግሬ ሄድኩ። ጣቶቼ ሳይሞቁ ደብተሩን ገለጥኩ።

የስቅለት ዕለት። አሮጌ የሚባል ሜዳ፣ ከመቅደላ በታች። ሰዎቹ ከተራራው እየዘፈኑ ወረዱብን ይላል፣ ነጭ ለብሰው። አዲሱ ጠመንጃ ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል። እንግሊዞቹ አጠገብ የደረሰ የለም። "ይህ ውጊያ አይባልም" ብሎ ጽፏል። ስቅለት… ሳይበሉ ሳይጠጡ ነው የወረዱት ማለት ነው። ይህን እሱ አያውቅም።

በማግሥቱ ሬሳ ሊቆጥር ተላከ። ጅረት አጠገብ አንድ የቆሰለ ሰው ቦት ጫማውን ያዘው። አንድ ቃል ደጋግሞ ይለዋል። ቃሉን እንደሰማው በእንግሊዝኛ ፊደል አስፍሮታል። "ጓደኞቹን የሚጠራ መሰለኝ። ፈራሁ። በሳንጃ ወጋሁት። እጁ ግን ጫማዬን አልለቀቀም።" ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ መስመር ጨምሯል… "ኮዳዬ ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር።"

ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የደረስኩበት። ማቆም አልቻልኩም። ቃሉን እንደ እንግሊዝ አድርጌ አነበብኩት፣ እንደማላውቀው።

ውሃ። ሰውየው ውሃ ነው ያለው።

ሚስ ሃስኬት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ቃሉ ምን ማለት ነው?"

"እንጃ… አገራችን ቋንቋው ብዙ ነው።"

"ጓደኞቹን እየጠራ ይሆን?"

"ሊሆን ይችላል" አልኩ።

ምን ላድርግ? ጓደኞቹን ከጠራ አባታቸው የፈራ ወጣት ነው። ውሃ ካለ ግን…

ጥር 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደብተሩን አላስከፈቱኝም። ራሳቸው አወሩ።

አባታቸው ከውትድርና ከወጣ በኋላ የባንክ በር ጠባቂ ሆነ። ሜዳዩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቆማል። የሰፈሩ ልጆች ሰላምታ ይሰጡታል። አርጅቶ ነው ያገባው። አንዲት ሴት ልጅ ወለደ፣ እሳቸውን። እሑድ እሑድ እጃቸውን ይዞ ወደ መርከብ ወደቡ ይወስዳቸው ነበር። ጥቁር መርከበኛ ሲያይ ባርኔጣውን አንስቶ ያስቆምና ያንን ቃል ይለዋል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

"'አባባ፣ ምን እያልካቸው ነው?' አልኩት አንድ ቀን። 'አንድ ሰው የነገረኝን ነው። ምን እንዳለኝ ማወቅ እፈልጋለሁ' አለኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር።"

ሊሞት ሲል አልጋው ላይ ሆኖ ያንኑ ቃል ሲደጋግም ሰነበተ። ሐኪሙ የሴት ስም መስሎት እናታቸውን በሐዘኔታ አያት።

በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው ስሜን ጠሩና፣ "አልታየሽ፣ ትናንት ቃሉን ስታነቢው ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጆሮዬ ደኅና ነው" አሉ።

ሳህን አጠብኩ። ንጹሕ ሳህን።

ጥር 17፣ ሐሙስ

ሜዳዩን ያሸለመው ታሪክ ላይ ደረስን። ያ በሆነ በሁለተኛው ቀን፣ መቅደላ በር ላይ። አንድ መኮንን ቆስሎ ወደቀ። ሌሎቹ ድንጋይ ከለላ አድርገው ተኝተዋል። ሃስኬት ብቻውን ወጥቶ ሰውየውን በጀርባው አዝሎ በጥይት መሃል አወረደው። "ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። መሞት ፈልጌ ይመስለኛል" ይላል። ሳጅን አደረጉት። ሸለሙት።

ይህም እውነት ነው። ያኛውም እውነት ነው። አንድ ሰው፣ በሁለት ቀን ልዩነት።

ጋሻውም ከታንኩ ውስጥ ሰው አውጥቷል። እሱንም አምናለሁ።

ጥር 20፣ እሑድ

ኣድሓነት ከቅዳሴ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ፎቶውን አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት።

"አውርጂው አልልሽም። ወንድምሽ ነው። ግን አሁን የት ነው ያለው?"

"ሰሜን ነው።"

"ሰሜን የት?"

"አላውቅም።"

በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው፣ ሁለት አላውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አምናኝ ነው ወይስ ደክሟት?

የካቲት 1፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው።

ሾርባውን ሳስቀምጥ ነው ያመለጠኝ። አላሰብኩበትም። አስቤበት ቢሆን አልናገረውም ነበር።

"ውሃ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ቃሉ። ውሃ ማለት ነው። ሰውየው የሚጠጣ ውሃ ስጠኝ ነው ያላቸው።"

ማንኪያውን አስቀመጡ።

"ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ።"

"እንዳይከፋኝ…" አሉ። "ሰባ አራት ዓመት ስጠይቅ የኖርኩት እንዲያስደስተኝ መሰለሽ?" ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም ነበር። "ዛሬ ሂጂ። እኔ እጠራሻለሁ።"

የካቲት 5፣ ሰኞ

አልጠሩኝም። ቆሻሻው መንገድ ዳር እንደ ተራራ ተከምሯል፣ በአድማው የሚያነሳው የለም። ሥራዬን አጣሁ መሰለኝ። የሚገርመው ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ጠሩኝ። ስገባ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ሂተሩን አላበሩትም። የከሱ መሰለኝ። ስለዚያ ነገር ምንም ሳይሉ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡኝ።

"ቃሉን በራሳችሁ ፊደል ጻፊው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ትርጉሙን። ስምሽን ጻፊና ፈርሚ።"

ጻፍኩ። ሁለት ፊደል ብቻ። ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት፣ የሚነበብ ይመስል። የሙዚየሙ ሰው ሰኞ ይመጣል።

የካቲት 12፣ ሰኞ

ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው። ጫማው ያብረቀርቃል። ጨዋ ሰው። ሻይ አቅርቤ ልወጣ ስል ሚስ ሃስኬት፣ "አልታየሽ ተቀመጪ" አሉ። ተቀመጥኩ።

ሜዳዩን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት እንደሚያስቀምጡት ነገራቸው። ደስ እንዳላቸው አየሁ፣ አንገታቸው ቀና አለ። ከዚያ ደብተሩን ከእነወረቀቱ ሰጡትና ገጹን አሳየሁት። አነበበ። ወረቀቱን አነበበ። አየኝ። እንደገና አነበበ።

"ሚስ ሃስኬት፣ ይህ… የቤተሰብ ነገር ነው። ቤተሰብ ጋ ቢቀር ይሻላል።"

"ቤተሰብ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ መሞቴ ነው።"

"ሙዚየሙን የሚጎበኙት ሕፃናት ናቸው። አባትዎ ጀግና ነበሩ፤ እንዲህ እንዲታወሱ አይፈልጉም?"

"ጀግና ነበር" አሉ። "ያንንም ሰው ገድሏል። ሁለቱንም ውሰድ፣ ካልሆነ ሁለቱንም ተው።"

"እንግዲህ ተነጋግረን እንጽፍልዎታለን" አለና ባርኔጣውን አነሳ። ሻዩን አልነካውም።

በሩ ሲዘጋ እጄን ያዙኝ። የእሳቸው በረዶ ነው።

"አባቴን አዋረድኩት?"

"አባትዎ ሲጠይቁ ነው የኖሩት" አልኩ። "የጠየቁትን ነው እርስዎ የመለሱላቸው።"

አለቀሱ። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ደረጃው ዛሬ ሳይጠረግ ቀረ።

የካቲት 27፣ ማክሰኞ

ሙዚየሙ ጻፈ። ሁለቱንም ይቀበላል። ሜዳዩ ለሕዝብ ይታያል፤ ደብተሩ ግምጃ ቤት ይቀመጥና ለጠየቀ ሰው ይሰጣል።

"ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላ ሣጥን" አሉ ሚስ ሃስኬት። ብዙም ደስ አላላቸውም። ግን ፈረሙ።

ሦስተኛው ደብተር ከጥቂት ገጽ በስተቀር ባዶ ነው።

መጋቢት 2፣ እሑድ

ለኣድሓነት ነገርኳት። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። ደብዳቤውን ከሻንጣዬ አውጥቼ ሰጠኋት። የመንደሩን ስም በጣቷ ነካችው።

"መቼ ነው የደረሰሽ?"

"ጥር ሦስት።"

ቆጠረች። "ሁለት ወር። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቤ ተኝተሽ…"

"ምን እንዳደረገ አላውቅም ኣድሓነት። እውነቴን ነው፣ እዚያ መድረሱን ብቻ ነው የማውቀው። ልጽፍለት አልችልም። ደብዳቤው ይከፈታል፣ ያስገድለዋል።"

"ስለ እሱ አላወራሁም። ስለ አንቺ ነው የማወራው።"

ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ሄደች። ክሮይደን አክስቷ ጋ። ድስቱን ተወችልኝ፣ የእሷ ነበር።

መጋቢት 9፣ እሑድ

ክፍሉ ሰፋብኝ። ለምን ነገርኳት? ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ እንዲቀለኝ? አልቀለለኝም።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

አከራይዋ ከታች ጠራችኝ፣ ስልክ ነው። ኣድሓነት።

"ነገ ሳምንት ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ስለ መንደሩ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሰሚኛለሽ። ካለቀስሽ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ጋሻው እንዲህ ይሆናል እንዲያ ይሆናል ካልሽኝም እሄዳለሁ።"

"እሺ።"

ዘጋችው።

መጋቢት 23፣ እሑድ

በስምንት ሰዓት መጣች። ካፖርቷን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻይ ልስጥሽ አላልኩም።

ነገረችኝ። የጉድጓዱን ቦታ። አባቷ የተከላቸውን ሦስት የሎሚ ዛፎች። የአሥራ አራት ጎረቤቶቻቸውን ስም፤ አንድ በአንድ ነው የጠራቻቸው፣ የሞተውን ሞተ፣ የጠፋውን ጠፋ እያለች። ጠዋት መሆኑን። ከየት በኩል እንደመጡ። አባቷ የት ቁጭ ብሎ እንደቀረ። ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረን አንዱንም ጠይቄያት አላውቅም ነበር… አንዱንም።

አላለቀስኩም። "ምናልባት" አላልኩም። ስትሳሳት ተመልሳ ታርማለች፣ እኔም ጠበቅኋት። አንድ ጊዜ ብቻ የአንዲት ሴት ስም አልሰማሁትም፣ እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ።

ስትጨርስ አሥር ሰዓት አልፏል። የምትነሣ መስሎኝ ነበር። አልተነሣችም።

"ጋሻው በልጅነቱ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?" አለችኝ።

"ለምን ፈለግሽው?"

"የምጠላውን ሰው ማወቅ አለብኝ።"

ከየት ልጀምር? ላሳምረው አልፈለግሁም፣ ላከፋውም።

"ሲወለድ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር" አልኳት። "ክረምት ነው። አዋላጇ ወንዙ ሞልቶባት ቀረች፣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ…"

ኣድሓነት ካፖርቷን አወለቀች።